የጋሪው ፓርቲ ሰዎች በሱቄ ጓሮ

እዚህ ገጽ ላይ ስለ ሞያሌ መንገድ፣ ስለ ቀረጥና ስለ ዶላር ምንዛሪ እንጂ ስለ ፖለቲካ ጽፌ አላውቅም። ዛሬም የማንንም ፓርቲ ላስተዋውቅ አይደለም፤ በዚህ አገር የምርጫ ካርድ የለኝም፣ ሊኖረኝም አይገባም። ነገር ግን ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ማታ በሱቄ ጓሮ የሆነው ነገር ከልቤ አልወጣ አለኝ። ደግሞም የኬንያ ምርጫ ሲቃረብ ያው ጥያቄ እናንተንም በር ላይ ሊያንኳኳ ስለሚችል ልጻፈው አልኩ።

የማታውቁኝ ካላችሁ፣ ሱቄ ኢስሊ ነው፤ ከሰከንድ አቬኑ ትንሽ ገባ ብሎ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡና፣ ነጠላና የሀበሻ ቀሚስ እሸጣለሁ። ከዚህ ደግሞ ጫማና የፕላስቲክ ዕቃ ወደ ሞያሌ እጭናለሁ። ናይሮቢ ከገባሁ 15 ዓመት ሆነኝ። ጎረቤቶቼ ስሜን መጥራት ስለሚከብዳቸው «ማማ ፒሊፒሊ» ይሉኛል፤ የበርበሬዋ እናት እንደማለት ነው። መጀመሪያ ይከፋኝ ነበር፤ አሁን ግን በስሜ የሚጠራኝ ሰው ሲመጣ ነው የምደነግጠው፤ ወይ የቀረጥ ሰው ነው ወይ የአገሬ ሰው።

ከሱቄ አጠገብ አንዲት የሻይ ኪባንዳ አለች። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን እዚያች አግዳሚ ላይ የሚቀመጡ አራት ሰዎች አሉ። አንደኛው ቼርማን ናቸው። ሃምሳዎቹን ያጋመሱ፣ የሙራንጋ ሰው፣ በእጅ በሚጎተት ጋሪ፣ በእነሱ አጠራር በምኮኮቴኒ፣ ዕቃ ከሚያመላልሱት ወጣቶች ጋር ሲሠሩ የኖሩ፣ ዛሬ የእነዚያው ልጆች ማኅበር ሰብሳቢ የሆኑ ሰው። የፕሬዚዳንት ሩቶ ፓርቲ የዩዲኤ ደጋፊ ናቸው፤ በሠፈሩ ያሉትን ደጋፊዎች የሚያሰባስቡትም እሳቸው ናቸው። ሁለተኛዋ አትክልት የምትሸጠው ማማ ምቦጋ ናት፤ እሷም የማውንት ኬንያ ሰው ናት። ሦስተኛው የሲያያ ልጅ፣ የቦዳ ቦዳ ሞተር ነጂ ነው። አራተኛው ጨርቅ ነጋዴው የዋጂር ሶማሌ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሻይ በወተት እንጂ ሌላ አይጠጡም፤ ብዙም አይናገሩም፤ ሲናገሩ ግን ሁሉም ዝም ይላል።

በ2022 ምርጫ ጊዜ ቼርማን ሌላ ሰው ነበሩ። የፓርቲያቸው ምልክት የግንበኛ የእጅ ጋሪ ነው፤ «ካዚ ኒ ካዚ» ይላሉ፤ ሥራ ሥራ ነው፣ ሥራ አይናቅም ለማለት። ሩቶ በዚያ ዘመቻ ራሳቸውን «ሃስለር» ብለው ነበር ያቀረቡት፤ እኛ ሠርቶ አዳሪ የምንለው ዓይነት። ኢኮኖሚው ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ከታች ወደ ላይ ይገነባል አሉ። ቼርማን ይህን የሰሙ ቀን እውነተኛ የእጅ ጋሪ ቢጫ ቀለም ቀብተው ሠፈሩን ዞሩበት። እኔም ሱቅ መጥተው «ማማ፣ ይኼ ሰው እንደ እኛ በባዶ እግሩ የሄደ ነው፤ ዶሮ ሸጧል» አሉኝ። ዕቃ ሲጎትቱ የከረሙበት ትከሻቸው ያን ቀን ቀና ብሎ ነበር። አንድ መሪ ስለ ጋሪ ጎታች ሲያወራ ለጋሪ ጎታች ምን ማለት እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ።

ኦገስት 9 ቀን 2022 ምርጫው ተካሄደ። የምርጫ ኮሚሽኑ ሩቶ 7,176,141፣ ራይላ ኦዲንጋ ደግሞ 6,942,930 ድምፅ አገኙ ብሎ አወጀ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ሴፕቴምበር 5 ውጤቱ ጸና። ቼርማን ያን ዕለት ለአግዳሚው ሁሉ ሻይና ማንዳዚ ጋበዙ። የቦዳው ልጅ ግን የራይላ ደጋፊ ነበርና ሻዩን ሳይነካ ሄደ። በማግስቱ ተመልሶ ቁጭ አለ። እኔን ያስገረመኝ ይኸኛው ነው፤ ተመልሶ መቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት እዚያች አግዳሚ ላይ የሰማሁት ወሬ ሁሉ የሒሳብ መዝገብ ይመስላል። ሁሉም የፕሬዚዳንቱን ሥራ በየራሱ ደብተር ነው የሚመዘግበው።

ማማ ምቦጋ «ለእኔ ሃስለር ፈንድ ማለት 475 ሽልንግ ነው» ትላለች። ፈንዱ በ2022 ኖቬምበር መጨረሻ ሲጀመር ስልኳን ነካክታ 500 ሽልንግ ተፈቀደላት፤ ከዚያ ላይ 5 በመቶው ለቁጠባ ተቀንሶ 475 ገባላት። ወለዱ በዓመት 8 በመቶ ነው፤ ከአራጣ አበዳሪ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው፤ እሷም አትክደውም። «ግን በ475 ሽልንግ ስንት ከረጢት ሱኩማ ይገዛል?» ብላ ቼርማንን ትጠይቃለች። ቼርማንም «መልሰሽ እየከፈልሽ ስትሄጂ ጣሪያው ያድጋል» ይሏታል። «እኔ ጣሪያ ሳይሆን ወለል ነው የጎደለኝ» ትላቸዋለች።

ቼርማን ደግሞ የማዳበሪያውን ነገር ያነሣሉ። መንገድ ላይ ሲጎትቱ ይዋሉ እንጂ ሙራንጋ ትንሽ መሬት አለቻቸው። 50 ኪሎ ማዳበሪያ ከ6,000 ሽልንግ በላይ ይገዙ የነበረውን መንግሥት ደጉሞ መጀመሪያ በ3,500፣ ቀጥሎ በ2,500 አገኙት። በ2024 የሐሰት ማዳበሪያ ተሸጠ የሚለው ወሬ ሲወጣ ግን እሳቸውም ራሳቸውን ያዙ። «ሥራው ጥሩ ነው፤ ሌቦቹ ናቸው ያበላሹት» አሉ። የቦዳው ልጅ «ሌቦቹን ማን ሾማቸው?» አለ።

የዋጂሩ ጎረቤቴ መዝገብ አጭር ነው። በ2025 ፌብሩዋሪ ፕሬዚዳንቱ ዋጂር ሄደው፣ የሰሜን ምሥራቅ ድንበር አካባቢ ሰው መታወቂያ ለማውጣት ለብቻው ያልፍበት የነበረውን ተጨማሪ ማጣራት አስቀሩት። «እኔ መታወቂያ ለማግኘት የአያቴን ስም፣ የአያቴን ግመል ቀለም ተጠይቄአለሁ» አሉ። «ልጄ አልተጠየቀም። የእኔ ሒሳብ እዚህ ላይ ያበቃል።» እኛ ድንበር ላይ ያደግንና የምንነግድ ሰዎች ይህ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረን አያስፈልግም።

የእኔን መዝገብ ደግሞ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቤንዚን ናይሮቢ ውስጥ በ2022 ሴፕቴምበር ሊትሩ 179 ሽልንግ ነበር፤ በነዳጅ ላይ ያለው የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ8 ወደ 16 በመቶ ካደገ በኋላ በ2023 ኦክቶበር 217 ደረሰ። ከዚህ እስከ ሞያሌ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የጭነት ዋጋው ስንት እንደሆነ እናንተው አስሉት። ከዚያ የዶላሩ ነገር መጣ። በ2024 ጃንዋሪ አንድ ዶላር 160 ሽልንግ ገባ። ሰው ሁሉ «200 ይገባል» አለ፤ እኔም ሰማሁና 3,000 ዶላር ገዝቼ አስቀመጥኩ። በፌብሩዋሪ መንግሥት 1.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ቦንድ ሸጦ በዚያው ዓመት የሚደርስበትን ዕዳ መክፈል ሲጀምር ሽልንጉ በአንድ ጊዜ ጠነከረ። በማርች በ132 ሸጥኩት። 480,000 ሽልንግ ከፍዬ 396,000 ተቀበልኩ፤ 84,000 ሽልንግ ጠፋ። ለቼርማን ይህን ስነግራቸው ደስ አላቸው። «አየሽ፣ ሰውየው ሽልንጉን አዳነው!» አሉ። ለእሳቸው የፕሬዚዳንቱ ትልቁ ሥራ የሆነው ለእኔ የዓመቱ ትልቁ ኪሳራ ነበር። ሁለታችንም ግን ልክ ነበርን። ከዚያ ወዲህ ዶላሩ 130 ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ የዕቃ ዋጋ መናርም በ2022 ኦክቶበር ከነበረበት 9.6 በመቶ ከሁለት ዓመት በኋላ ወደ 2.7 ወርዷል። በዚያው ዓመት በሐምሌ የእኛው ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቆ ምን እንደሆነ ያየ ሰው፣ የተረጋጋ ሽልንግን ዋጋ አያቃልልም።

ሕዝቡ ግን በግብር ተማርሮ ፕሬዚዳንቱን «ዘካዮ» ብሎ ሰየማቸው። ዘካዮ ማለት የእኛው ዘኬዎስ ነው፤ ሾላ ዛፍ ላይ የወጣው ቀራጭ። ልጆቹ በሰልፍ ላይ «ዘካዮ ውረድ!» ይላሉ። ቼርማን መጀመሪያ ይስቁ ነበር። «ዘኬዎስ እኮ በመጨረሻ ተባርኳል» ይላሉ። እኔም አንድ ቀን «ቼርማን፣ የተባረከው እኮ ከወሰደው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ስላለ ነው» አልኳቸው። ሳቁን አቆሙ።

ከ2024 ጁን 25 በኋላ ግን አግዳሚዋ ላይ ሳቅ ጠፋ። የዚያን ዓመት የፋይናንስ ረቂቅ ታስታውሳላችሁ፤ በዳቦ ላይ 16 በመቶ ታክስ፣ በመኪና ላይ ዓመታዊ 2.5 በመቶ ግብር ይዞ ነበር የመጣው። አንዳንዱ ነገር ከረቂቁ ቢወጣም ወጣቱ አልበረደም። ያን ዕለት ረቂቁ በፓርላማ ሲጸድቅ ወጣቶች ቅጥሩን ጥሰው ገቡ፤ ጥይት ተተኮሰ። የአገሪቱ የሰብአዊ መብት ኮሚሽን በዚያ የተቃውሞ ሰሞን ከ60 ያላነሱ ሰዎች መሞታቸውን መዝግቧል። በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ ረቂቁን አልፈርምም አሉ፤ በጁላይ ካቢኔያቸውን በተኑ፤ ከተቃዋሚው ኦዲኤም ሰዎች ጨምረው አዲስ መንግሥት አቋቋሙ።

እኔ ያን ቀን ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ተንኳኳ። ቼርማን ናቸው። የ22 ዓመት ልጃቸው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ ጠዋት ቦርሳውን በውኃ ጠርሙስ ሞልቶ ባንዲራ ይዞ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ስልኩም ዝግ ነው። የእኔ ስልክ ላይ ደግሞ ብር ነበረው፤ የእሳቸው አልቆባቸዋል። ቁጭ ብለን እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ድረስ የሚያውቁትን ሁሉ ደወልን። በ2022 ጋሪ እየገፉ የዞሩበት ያ ቢጫ ቲሸርት ለብሰው ነበር፤ ሲወጡ ያገኙትን ነው የለበሱት፤ ልብም አላሉትም። እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ ላይ አልነሣ አለኝ።

ልጁ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ በእግሩ መጣ። እግሩ ቆስሏል፣ ዓይኑ በጭስ አብጧል፣ ግን በሕይወት ነበር። አባትየው ምንም አላሉትም። እሱም «አባባ፣ አንተ የመረጥኸው ሰው ነው» ብሎ አለፋቸው። ለሁለት ወር ያህል በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው አልተነጋገሩም። ሻይ ኪባንዳው ላይም ቼርማን መምጣቱን ሳይተዉ ዝም ብለው ይቀመጡ ነበር። ቲሸርቱን ከዚያ ወዲህ ለብሰውት አላየሁም።

ከዚያ የተከተለውን አጭር ላድርገው። በ2024 ኦክቶበር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሪጋቲ ጋቻጓ በሴኔት ከሥልጣን ተነሡ፤ ኪቱሬ ኪንዲኪ ተተኩ። ጋቻጓ በ2025 ሜይ የራሳቸውን ፓርቲ፣ ዲሲፒን አቋቋሙ። ማማ ምቦጋ ልቧ ወደዚያ ሄደ። በ2025 ማርች ሩቶና ራይላ በአንድነት ለመሥራት ፈረሙ፤ የቦዳው ልጅ በአንድ ሌሊት የቼርማን አጋር ሆነ፤ ሁለቱም በዚህ ያፍሩ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ኦክቶበር 15 ቀን 2025 ራይላ ሕንድ ውስጥ አረፉ። የቦዳው ልጅ ሞተሩን አቁሞ ሦስት ቀን ቅርንጫፍ ይዞ ሲያለቅስ ከረመ። በዚያ ለቅሶ ቼርማን ከጎኑ ነበሩ። እኔም ንፍሮ ቀቅዬ ወሰድኩ፤ ለምን ስንዴ እንደቀቀልኩ ግን ለማስረዳት ተቸገርኩ።

እንግዲህ ወደ ጥሩ ቅዳሜ ልመለስ። በሳምንቱ መጀመሪያ ላይ ቼርማን ወደ ሱቅ ገብተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ኮፍያ ሲወልቅ ጉዳዩ ትልቅ ነው። «ማማ፣ ሁለት ነገር ልለምንሽ። የሠፈሩ ደጋፊዎች ተሰብስበን ስለ 2027 እንነጋገር ብለናል። ጓሮ ያለችውን ክፍልሽን ለአንድ ማታ ታውሺናለሽ? ደግሞ እያንዳንዱ ነጋዴ 5,000 ሽልንግ እያዋጣ ነው።»

ወገኖቼ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፤ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ነው። ሁለተኛም ፍርሃት ነው። አባቴ መርካቶ ሸማ ተራ ትንሽ ሱቅ ነበረው። በ97 ምርጫ ጊዜ እኔ 19 ዓመቴ ነበር። ሚያዝያ 30 ቀን መስቀል አደባባይ ሕዝቡ ጎርፍ ሆኖ ሲወጣ አባቴ ሱቁን ዘግቶ ሄደ፤ ማታ ሲመለስ ድምፁ ተዘግቶ ነበር፣ ፊቱ ግን በርቶ ነበር። ለአንድ ወር ያህል ቤታችን ቡና በተፈላ ቁጥር ወሬው ምርጫ ነበር። ከምርጫው በኋላ ያ ሁሉ ሲሆን፣ ልጆች ሲታፈሱ፣ የጎረቤታችን ልጅ ሲወሰድ፣ አባቴ ዝም አለ። ቡና ላይ አንድ ሰው የመንግሥት ነገር ካነሣ ሲኒውን አስቀምጦ ይነሣል። እስከሞተበት ቀን ድረስ እንደዚያው ነበር። ለእኔም ያወረሰኝ አንድ ምክር ነው፤ «ልጄ፣ ነጋዴ አፉ ሚዛኑ ላይ ነው»። በዚህ ምክር ነው ሁለት አገር ነግጄ የበላሁት።

ሌሊቱን ሳሰላስል አደርኩና ጠዋት ቼርማንን ጠራኋቸው። «ገንዘቡን አልሰጥም» አልኳቸው። «የአገራችሁ ሕግ የውጭ ዜጋ ለፖለቲካ ፓርቲ መዋጮ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ለእርስዎም ጥሩ አይደለም፤ ለእኔም የሥራ ፈቃዴ አለ። ክፍሉንም ለፓርቲ አላውስም፤ ያም መዋጮ ነው። ግን ቅዳሜ ማታ ጎረቤቶቼን ቡና ልጠራ እፈልጋለሁ። ባንዲራ የለም፣ ቲሸርት የለም፣ ማይክራፎን የለም። የሚመጣ ይምጣ፤ የሚያወራውን ያውራ።» ቼርማን ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ። «ማማ ምቦጋም ትጠራለች?» አሉኝ። «እሷ ከሌለች ማን ነው የሚከራከራችሁ?» አልኳቸው።

እንዲህ ሆኖ አሥራ አንድ ሰው መጣ። ቄጠማ አላገኘሁም፤ የማማ ምቦጋን የሽንኩርት ቅጠል ጎዘጎዝኩ። ዕጣኑን ሳጨስ የዋጂሩ ጎረቤቴ «ይኼማ የእናቴ ቤት ሽታ ነው» አሉ። አቦሉ ሲቀዳ ቼርማን ሒሳቡን ከፈቱ።

«ሕገ መንግሥቱ ግልጽ ነው» አሉ። «ከግማሽ በላይ ድምፅ፣ ደግሞም ከ47 ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ 25 በመቶ። ባለፈው ያሸነፍነው በ233,211 ድምፅ ነው። ይህ ማለት አንድ ትልቅ ስታዲየም ሦስት አራት ጊዜ ሞልቶ ቢፈስ ነው። ማውንት ኬንያ ደግሞ ተሰንጥቋል። የወጣውን ከየት እንተካው?» አንዱ ወጣት ከኦዲኤም ጋር ቅንጅት ፈጥረን ከኒያንዛ፣ ከምዕራብና ከባሕር ዳርቻው እንተካለን አለ። የዋጂሩ ጎረቤቴም «እኛም አለን» አሉ።

የቦዳው ልጅ ሲኒውን እያዞረ «ባባ የፈረመው ወረቀት አለ፤ ባባ ግን የለም» አለ። «እኛ ባባን እንጂ ወረቀቱን አልተከተልንም። አሁን መሪዎቻችን ራሳቸው ግማሹ ከሩቶ ጋር፣ ግማሹ ለብቻችን ይላሉ። የእኔን ድምፅ ቆጥራችሁ ከረጢት ውስጥ እንዳትከቱት። ስጡኝ ብላችሁ ኑና ጠይቁኝ።»

ማማ ምቦጋ እስከ ቶናው ድረስ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ «እናንተ ጎሣ ትቆጥራላችሁ» አለች። «በዚያ ዓመት የተመዘገበው 22 ሚሊዮን ነው። የመረጠው 14 ሚሊዮን። 8 ሚሊዮኑ ቤቱ ተኝቶ ዋለ። አሁን ግን የተኛው ልጅ ነቅቷል፤ ካርድ እያወጣ ነው። እሱ ደግሞ ከየትኛው ተራራ ነህ ብትሉት አይመልስላችሁም። ጁን 25 የት ነበራችሁ ብሎ ነው የሚጠይቃችሁ።» ወጣቶቹ ደጋፊዎች ተቆጡ። አንዱ «አንቺ ዋንታም ነሽ!» አላት፤ አንድ ዘመን ብቻ ይበቃዋል የሚሉት ሰዎች መጠሪያ ነው። እሷም «እናንተስ ቱታም ናችሁ፤ ሁለት ዘመን ትላላችሁ። እኔ ግን ስለ ቲማቲም ነው የማወራው» አለች።

ጠቡ ሊከር ሲል ቼርማን ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የማንም አይደለሽም። ነጋዴ ነሽ። ምን ይታይሻል?»

የአባቴ ምክር ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ከሰሉን አራግቤ ጀበናውን መልሼ ጣድኩ። ከዚያ ግን እንዲህ አልኩ፦ «ስለ ፓርቲያችሁ አላውቅም። ስለ ዕቃ ግን አውቃለሁ። ሱቄ ግድግዳ ላይ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ፤ ግን ደንበኛ የነቀዘ ሽሮ ይዞ ከመጣ ወረቀቱን አላሳየውም። ሽሮውን ተቀብዬ አሸትተዋለሁ። ነቅዟል ብዬ በአፌ እናገራለሁ። ከዚያ በኋላ ነው አዲሱን የማሳየው። መጀመሪያ አዲሱን ካሳየሁት ይሄዳል፤ ጎረቤቱንም ይዞ ይሄዳል። እናንተ አሁን የምታወሩት ስለ አዲሱ ዕቃ ነው። የነቀዘውን ማን ተቀበለ?»

ክፍሉ ዝም አለ። እኔም በራሴ ደነገጥኩ። ምን አፌን ከፈተው ብዬ አባቴን አሰብኩ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ቼርማን ተናገሩ። «እኔ አሁንም ለሰውየው ድምፄን እሰጣለሁ» አሉ። «ሽልንጉን አድኗል፣ ማዳበሪያውን አውርዷል፣ ሙኩሩ ላይ ሰው ከቆርቆሮ ቤት ወጥቶ ቁልፍ ሲቀበል በዓይኔ አይቻለሁ። ይህን ለማንም እናገራለሁ። ግን በ2022 በር ሳንኳኳ ልጄ ከኋላዬ ጋሪውን ይገፋልኝ ነበር። የ20 ዓመት ልጅ ነበር፤ እሱም መርጦታል። አሁን ጋሪውን ማን ይገፋልኛል? ያን ቀን ስህተት ነበር ብለን በየበሩ ካልተናገርን፣ እኔ በር አላንኳኳም። ስልቴ ይኼ ነው። ሌላ ስልት ያለው ይናገር።»

አንዱ ወጣት «እንደዚያ ካልን የተቃዋሚ ሥራ ሠራንላቸው ማለት ነው» አለ። ሌላው «ካላልን ደግሞ ማን ይሰማናል?» አለ። በረካው እስኪያልቅ በዚህ ተከራከሩ። አልተስማሙም። እጅ አልወጣም፣ ውሳኔ አልተወሰነም። ማማ ምቦጋ ግን ስትወጣ ለቼርማን «እንደዚህ ብለህ የእኔን በር ካንኳኳህ እከፍትልሃለሁ፤ እመርጥልሃለሁ ግን አላልኩም» አለቻቸው።

ሲኒ ሳጥብ የቼርማን ልጅ አባቱን ሊወስድ መጣ። መንገዱ ጨለማ ስለሆነ ማታ ማታ ይመጣል። በሩ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን እንደሰማ ከፊቱ ያስታውቃል። አላቀፋቸውም፣ ምንም አላለም። «አባባ፣ እንሂድ» አለና ባዶ ወንበሮቹን እያነሣ ወደ ኪባንዳው መለሰልኝ። አባትየው ሁለት ያዙ፣ እሱ አራት።

እንግዲህ ይኼው ነው ወገኖቼ። ከዚህ ወስጄ የማካፍላችሁ ጥቂት ነገር አለኝ።

የመጀመሪያው የሥራ ነው። የኬንያ ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው። በ2007 ምርጫ ማግስት ከ1,100 በላይ ሰው አልቆ መንገድ ሁሉ መዘጋቱን ያኔ እዚህ የነበሩ ይነግሯችኋል። 2022 ሰላም ነበር፤ ያም ሆኖ ገበያው ለሳምንታት ቀዝቅዟል። ስለዚህ ጁላይ መጨረሻ ላይ በዱቤ ዕቃ አትጫኑ፤ ፈቃዳችሁንና ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ አሳድሱ፤ ዶላር በወሬ አትግዙ፤ በዚህኛው እኔ ከፍዬ ተምሬአለሁ። መዋጮ ስትጠየቁ በአክብሮት እምቢ በሉ፤ ሕጉን ጥቀሱ፤ የትኛውም ወገን ቢሆን። ጎረቤት ግን ጎረቤት ነው፤ ቡና አትከልክሉ።

ሁለተኛው የልብ ነው። እኔ ደጋፊ ማለት መሪው ያደረገውን ሁሉ ልክ ነው የሚል ሰው ይመስለኝ ነበር። ሌላ ዓይነት ደጋፊ አላየሁማ። ቼርማን ግን ሰውየውን ይወዱታል፤ መዝገቡንም ይይዙበታል። ማማ ምቦጋ ከፓርቲው ወጥታለች፤ ከአግዳሚው ግን አልወጣችም። በአገራችንም ለ2018 ዓ.ም. ምርጫ ተቀጥሮ ነበር። እዚያ ስላለው ነገር እዚህ ሆኜ ብዙ መናገር አልፈልግም። ብቻ አባቴ ያን ማታ በጓሮዬ ቢኖር ብዬ ተመኘሁ። ሲኒውን አስቀምጦ ይነሣ ነበር ወይስ ሁለተኛ ይጠይቅ ነበር? በረካው ድረስ የሚቆይ ይመስለኛል።

በየመንገዳችሁ ቸር ይግጠማችሁ። ሞያሌ ላይ የምታድሩ ካላችሁ ደግሞ ለሸማ አቅራቢዬ ሰላምታዬን አድርሱልኝ፤ የፋሲካ ጭነቴ እንዳይዘገይ ንገሩልኝ።